ከአርማው ሥር

ስሙን የሚያውቅ የለም። ጸደይ በገባ ቁጥር እንግሊዝ አገር፣ ስታፎርድ ከተማ አጠገብ፣ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የሚሸጥበት ጭቃማ ሜዳ ላይ ብቅ ይላል። ኮቱ የተተኮሰ ነው፤ ከረባቱ አንገቱን አንቆታል፤ ጥፍሮቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን የጠጡትን ዘይት አልለቀቁም። ሻዩን በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ከማንም ጋር ቆሞ አይጠጣም። እንደ ሌላው ገበያተኛ «እስቲ አስነሳልኝ» አይልም። ነጋዴው ኔቪል ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ይልና ቤንዚን ታንኩ ላይ ያለውን አርማ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል።

«እሱ ሄሮን ነው፣ አባት። እንደ ልብ አይገኝም» አለው ኔቪል ዘንድሮ።

«ከማርሎ በምን ይለያል?»

ኔቪል ሳቁ አመለጠው። ሄሮንና ማርሎ የሚባሉት ሁለቱ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች ከተቀላቀሉ ወዲያ ያንኑ አንድ ሞተር፣ ግማሹ ላይ የሄሮን፣ ግማሹ ላይ የማርሎ አርማ እየመቱ እንደሸጡት እዚህ ሜዳ ላይ የማያውቅ የለም። ቢሆንም የሄሮን ሰው ከማርሎ ሰው ጋር ዛሬም ቢራ አይጠጣም።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ የሰማ ሰው በመፍቻ እንዳይፈነክትዎት!»

ሰውዬው አልሳቀም።

«ወንድሜ የማርሎ ሞተር ገዛ ብዬ፣ እስኪሞት ድረስ ደጄን አላስረገጥኩትም። ከቀብሩ ስመለስ የራሴን ሄሮን አርማ ፈታሁት። ከሥሩ፣ በፋብሪካው ቀለም፣ ማርሎ የሚል ተጽፎበታል።»

ሰውዬው አውራ ጣቱን ከታንኩ ላይ ሳያነሳ ቀስ ብሎ ጠየቀው።

«አሁን ይሄ ለማን ይነገራል?»