እግሯም ተጠምቆ ነበር

ሺንሺቾ ባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን አክስቴ የምትቀመጠው ከበሮው አጠገብ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበር። የመባ መዝሙር ሲጀመር ጫማዋን አውልቃ ከአግዳሚው ሥር ታስቀምጥና ስንዴዋን በሰፌድ ይዛ እያሸበሸበች እስከ መሠዊያው ትሄዳለች። ሰው ከሳቀባት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ስጠመቅ እግሬ ውጭ አልቀረም።"

አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በቁምስናው ምክር ቤት "እንዲህ ከጨፈርን ከነሱ በምን ተለየን?" የሚል ክርክር ተነሳና መባ በጸጥታ ይቅረብ ተባለ። ጸሐፊው እኔ ስለነበርኩ ለአክስቴ የነገርኳት እኔ ነኝ።

"ስጠመቅ እግሬ ውጭ አልቀረም እኮ፣ ልጄ" አለችኝ።

"የምክር ቤት ውሳኔ ነው አክስቴ፤ እኔ ምን ላድርግ?"

ለውሳኔው እጄን ማውጣቴን አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ በቅዳሴ ጫማዋን አውልቃ አታውቅም፤ ስንዴዋንም በሰው እጅ ትልክ ጀመር።

ያረፈች ዕለት ሲገንዟት የእግሮቿን አውራ ጣቶች በክር አንድ ላይ ሲያስሩ ቆሜ አየሁ።

ዛሬ አርባዋ ነው። አባ ለእሷ ሲሉ በቅዳሴው መባ ሲቀርብ ከበሮ እንዲመታ ፈቀዱ። ተመታ። አግዳሚው ጫፍ ባዶ ነበር፤ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ አንድም የተነሳ የለም። እኔ ልነሳ ብዬ ጎንበስ አልኩና የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ። ዙሪያዬን አየሁ። መልሼ አሰርኩት።