ስም፣ ሥራ፣ ጉዳይ

ሊይዘኝ የመጣው ፖሊስ አብሮኝ ምሳ የሚበላ ሰው ነበር። ቢሮዬ ገብቶ ቆመ። ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ፤ ያኔ ገባኝ።

«ትእዛዙን ማን ፈረመው?» አልኩት።

«ወረቀቱ ከኋላ ይደርሳል» አለ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛዬ ላይ ሳያነሳ።

ይቺን መልስ አሳምሬ አውቃታለሁ። የወረዳው የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት ለስንቱ ጠበቃ እኔው ራሴ ሰጥቻታለሁ። ከሹመቱ በፊት መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ፊት ለፊት በተከራየኋት አንዲት ክፍል ዘጠኝ ዓመት በጥብቅና ሠርቻለሁ። የምታወቀውም በአንድ ጥያቄ ነበር፤ ዳኛው ፊት ቆሜ «ይህን የእስር ትእዛዝ ማን ፈረመው?» እል ነበር። በዚህች ጥያቄ ብዙ ሰው አስፈትቻለሁ። ገበሬው ስሜን ትቶ «ማን ፈረመው» ብሎ ይጠራኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

የወሰዱኝ ከከተማው ዳር ወዳለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። በዚያ ሰሞን ጣቢያው ሞልቶ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኝ ነቀዝ የበላው ገብስ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የሽንት። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ሲሚንቶው ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

እዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። አዲስ ገቢ በሩ ላይ ቆሞ ስሙን፣ ሥራውንና የተያዘበትን ጉዳይ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ይናገራል። ይህን ሳያደርግ አይቀመጥም። የሚያስናግረው ካቦው ነው፤ የእስረኞቹ አለቃ፣ የወረኢሉ የከብት ነጋዴ።

ስሜን ተናገርኩ። «ሥራ?» ሲለኝ «ጠበቃ» አልኩ። ውሸት አይደለም፣ ግማሽ እውነት ነው፤ በግማሽ እውነት መኖር ደግሞ የለመድኩት ነው።

«ጉዳይ?»

«አልነገሩኝም።»

አንዱ ከወዲያ ሳቀ። ካቦው በሩ ሥር፣ ከባልዲው አጠገብ ሊያስቀምጠኝ ሲል ከጥግ አንድ ሽማግሌ «ወዲህ ይምጣ» አሉ። የተቀመጡበትን አጎዛ ሳብ አድርገው ግማሹን ለቀቁልኝ። ካቦው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ የሆነ ነገር ሊናገር ብሎ ተወው።

ሽማግሌው ከከላላ ወዲያ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ልጆች የሚያስተምሩ ሸህ ናቸው። ከታሰሩ ሦስት ወር አልፏቸዋል። የተያዙት የባለቤታቸውን የልብ መድኃኒት ለመግዛት መካነ ሰላም በመጡበት ቀን ነው።

«የማይታወቁ ሰዎች አሳድረሃል ነው የሚሉኝ» አሉኝ። «አሳድሬያለሁ። መሽቶባቸው መጡ። የአላህ እንግዳ፣ ማን ነህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?»

«መድኃኒቱስ ሸኽዬ?»

«በሰው ላክሁላት። እሱም አለቀ። ልጆቻችን አረብ አገር ናቸው። እሷ እንደሆነች ምንጩ ድረስ እንኳ ሁለት ጊዜ ሳታርፍ አትደርስም።»

በሦስተኛው ቀን ያ ፖሊስ ለብቻዬ አስጠርቶኝ፣ ነገሩ ግምገማ ነው፣ እስከ አርብ አፍህን ዘግተህ ተቀመጥ፣ ወደ ቢሮህ ትመለሳለህ አለኝ። ልቤ ቀለል ብሎት ስመለስ ሸሁ ይጠብቁኛል። ከኮፍያቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ጠበቃ ነኝ ብለሃል። አንዲት ማመልከቻ ጻፍልኝ፤ ያሰሩኝ በዚህ ነው።»

ቅጹን ገና ሳልዘረጋው አወቅሁት። «ለተጨማሪ ማጣራት በእስር ይቆይ» ይላል። የሸሁ ስም በማላውቀው እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ከሥሩ የእኔ ስም፣ የእኔ ማኅተም፣ የእኔ ፊርማ። ቀኑን አየሁት። ደሴ ለስብሰባ የሄድኩበት ሳምንት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስብሰባ በበዛ ቁጥር ሥራ እንዳይቆም ብዬ ባዶ ቅጽ ላይ እየፈረምኩ እተው ነበር። መጀመሪያ ሦስት ቅጽ፤ ኋላ ኋላ በአንድ ተቀምጦ እጄ እስኪዝል። የዛለ እጄን እያፍታታሁ ከጸሐፊዋ ጋር ስቄበታለሁ። ማን ስም እንደሚሞላበት አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም፤ ያ «ማን ፈረመው» ሲል የኖረው ሰውዬ!

ፈራሁ። አፈርኩም፤ ግን መጀመሪያ የመጣው ፍርሃቱ ነው።

ማመልከቻውን ጻፍኩ። ዕድሜያቸውን፣ የባለቤታቸውን ሕመም አነሳሁ፣ ምሕረት ለመንኩ፤ ስለ ፊርማው ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ያማረ ማመልከቻ ነበር። እንደማይሠራም አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ስንቱን ሳላነበው መሳቢያ ውስጥ ከትቻለሁ። ሸሁን የሚያስፈታቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅጹ ባዶውን እንደተፈረመ የፈረመው ሰው ከመሰከረ። የፈረመው ሰው ደግሞ አርብን ይጠብቃል።

ሁለት ቀን ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዋልኩ። ሸሁ አደረስክልኝ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ሶላት ሲደርስ አጎዛውን ከሥሬ አይወስዱትም፣ ሲሚንቶው ላይ ይሰግዱ ነበር። ግንባራቸው ላይ የሲሚንቶው አቧራ ይቀራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እዚያ ጥግ ግን የተወጋው አጎዛ ያካፍላል፣ መተኛት ያቃተኝ እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያውን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። ስጨርስ በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ፣ ልክ እንደ አዲስ ገቢ።

«ስሜን ታውቃላችሁ» አልኩ። «ሥራዬን ግን አጉድያለሁ። የወረዳው የፍትሕ ኃላፊ ነኝ።» ከዚያ አነበብኩ። «ሸሁ የታሰሩበትን ቅጽ ባዶውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሰውየውን አላየኋቸውም፣ ጉዳያቸውን አላነበብኩም። ትእዛዙ ትእዛዝ አይደለም።»

«ይህን ካስገባህ አርብን እርሳው» አለ ካቦው፣ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

ሸሁ ወረቀቱን ተቀብለው በአረብኛ ፈረሙ። ከዚያ «ይሄ ካቦ ከቅጹ ላይ ስምህን ካነበበልኝ ሁለት ወር ሆኖታል» አሉኝ። «በሩ ላይ ስትናገር ወዲያው አወቅሁህ።»

«ታዲያ አጎዛውን ለምን ሰጡኝ?»

«ብርድ ነዋ» አሉ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። አውፍ በሉኝ አልኳቸው፣ ይቅር በሉኝ ማለቴ ነው፤ እዚህ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲህ ነው የሚለው።

«የራሴን አውፍ ብዬሃለሁ። የሷን ግን እኔ ልሰጥህ አልችልም። ስትወጣ ቤቴ ናና እሷን ጠይቃት።»

ማመልከቻው በዚያው ቀን ገባ፤ በሳምንቱ ረቡዕ ሸሁ ተለቀቁ። አጎዛውን ትተውልኝ ሄዱ። እኔ ሰባት ወር ቆየሁ፤ ስለቀቅም ቢሮው የሌላ ሰው ሆኗል።

ከወጣሁ ሳልሰነብት ሄድኩ። እስከ ከላላ በሚኒባስ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በእግር፣ አጎዛውን ጠቅልዬ በትከሻዬ። ሸሁ ደጃቸው ላይ ልጆች ያስቀራሉ። ሲያዩኝ ተነሡ፣ ደኅንነቴን ጠየቁ፣ ሶስቴ ሳሙኝ። ወደ ቤት ይዘውኝ ይገባሉ ስል በቤቱ ጀርባ አዞሩኝ። ጥድ ሥር፣ ድንጋይ የተደረደረበት መቃብር አለ። አፈሩ ላይ ሣር በቅሎበታል።

«እኔ ስደርስ ከተቀበረች ዘጠኝ ቀኗ ነበር» አሉ። «ጠይቃት ብዬህ የለ? ጠይቃት።»

እኔን እዚያው አቁመው ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። የማውቀው አንድ ደንብ ብቻ ነው። ጮክ ብዬ ስሜን ተናገርኩ። ሥራዬን ተናገርኩ፣ ሳላጎድል። ጉዳዬ ባዶ ቅጽ ነው አልኳት። ከታች የልጆቹ ንባብ ይሰማል። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ቆምኩ፤ ከዚያ አጎዛውን መቃብሯ አጠገብ አጥፌ አስቀምጬ ወረድኩ።

ዛሬ ወደዚያችው ክፍሌ ተመልሻለሁ። ፈቃዴን አድሼ እየሠራሁ ነው፤ ለማንም ወረቀት ስፈርም መጀመሪያ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ ደንበኞቼ ይሳሳቁብኛል። ሰዉም ደግ ነው፣ የድሮ ስሜን መልሶልኛል። ቅዳሜ ገበያ መሃል ሳልፍ አንዱ ከኋላዬ «ማን ፈረመው!» ብሎ ይጣራል፤ ሰላም ሊለኝ ነው። ዞሬ ሰላም ከማለቴ በፊት፣ ሁልጊዜ፣ በሆዴ «እኔ» እላለሁ።