የሐጂ በሽር የጾም ዘይት

ባለፈው ሳምንት ሽንፋ ላይ ቅባት ያልነካው የጋሪ መንኰራኩር ሲጢጥ እያለ ባጠገቤ ሲያልፍ ቆሜ ቀረሁ። በልጅነቴ መተማ ዮሐንስ የነበረው የሐጂ በሽር ዘይት መጭመቂያ ትዝ አለኝ።

መጭመቂያው ከወፍራም ግንድ የተፈለፈለ ሙቀጫ ነበር። ዐይኗ በጨርቅ የታሰረ ግመል ትልቁን ዘነዘና እየጎተተች ስትዞር ሰሊጡ ይደቅና ዘይቱ በጎን ቀዳዳ ወደ ቆርቆሮ ይወርዳል። ግቢው የሞቀ ሰሊጥና የግመል ላብ ይሸት ነበር። በፍስክ ወራት ዘይቱ ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኑ ገላባት ስለሚሻገር፣ ሐጂ እንጨቱ እንዳይጮህ ሞራ ይቀቡታል። ሁዳዴ ሲቃረብ ግን ገዢዎቹ እኛ ክርስቲያኖቹ ነንና፣ በፈላ ውሃና በዐመድ አጥበው ደረቁን ይተዉታል። ሃምሳ አምስቱን ቀን እንጨቱ እሪ ሲል ይውላል። እናቴ ደጃችን ቆማ ታዳምጥና ጩኸቱን ስትሰማ ጠርሙሷን ታነሣለች። ሌላ ምስክር ጠይቃ አታውቅም።

ጣልያን ሲገባ አንድ ሹም ከግቢው ጎን ሰፈረ። የእሱ ማኅተም የሌለበት ዘይት አይሸጥም፣ የሸጠም መጭመቂያው ይወረሳል ተባለ። ወደ ገላባት መሻገርም ተከለከለ፤ ለሐጂ የቀራቸው ገበያ የእኛ ጾም ብቻ ሆነ። ሹሙን ግን ጩኸቱ አስመረረው። በሁለተኛው ሁዳዴ፣ ሐጂ ሰሊጥ ሊገዙ ሽንፋ በሄዱበት ቀን፣ አሽከሩን ልኮ እንጨቱን ሞራ አስቀባው።

በማግስቱ እናቴና ጎረቤቶቿ ሲደርሱ ግመሏ ትዞራለች፤ ድምፅ የለም። ሁለት ቆርቆሮ ሞልቶ ታትሟል። ሐጂም ያን ጊዜ ከበቅሎ ወረዱ።

«ሐጂ፣ ምነው ዛሬ ዝም አለብዎት?» አለች እናቴ።

ጣታቸውን በእንጨቱ ላይ አሳልፈው አሸተቱት። «ሞራ ነው፣ እቴ። አትግዙኝ።»

«ማኅተም አለው እኮ!» አለ እዚያው የቆመው የሹሙ አሽከር።

«ማኅተምህ ይጾማል እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። ቢያጥቡት ሹሙ ይዘጋባቸዋል፤ ቢተዉት እኛ አንገዛም።

ሁለቱን ቆርቆሮ መብራት ይሁን ብለው ለመስጊዱ ሰጡ። በሦስተኛው ቀን ሙቀጫውን በግመል አስጎትተው ከከተማው ዳር ካለው ወንዝ ማዶ፣ ከታጨደ የሰሊጥ ማሳ መካከል ተከሉት። እዚያ ያለ ማኅተም ይሸጡልን ጀመር። ጩኸቱ ከደጃችን አይሰማም። ሴቶቹ ጆሯቸውን አቅንተው በታጨደው ሰሊጥ ጉቶ መካከል ይሄዳሉ፤ ካልሰሙ ሊመለሱ። የተመለሱበት ቀን አልነበረም።

ሐጂ ከሞቱ ቆይቷል፤ መጭመቂያውንም ምስጥ በልቶታል። የሴቶቹ እግር ያወጣው ቀጭን መንገድ ግን ማሳውን አቋርጦ እስከ ባዶው ቦታ ይዘልቃል። አራሾቹ ዘለው ያልፉታል እንጂ አያርሱትም።