የልጄ ቤት ቦይለር

ልጄ እኔ ከምኖርበት ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አሮጌ ቤት ስትገዛ አላማከረችኝም። ብታማክረኝ ኖሮ መጀመሪያ ምድር ቤቱን እዪ እላት ነበር። ሰው ቤት ሲገዛ ወጥ ቤቱንና መስኮቱን ያያል፤ ብርድ ሲገባ ግን ሰውን የሚያኖረው ከታች ያለው ብረት ነው። የእሷ ቤት ብረት በዕድሜ የሚበልጣት ቦይለር ነበር፤ ውሃ በጋዝ እያሞቀ በየክፍሉ ወዳሉት ራዲያተሮች ይልካል።

ይህን ሥራ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርታማ ውስጥ በጽዳት ተቀጥሬ፣ ቦይለር ጠጋኙ በመጣ ቁጥር ባትሪ እየያዝኩለት፣ ቤቴ ስገባ ደግሞ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ መመሪያውን እያነበብኩ ነው ያወቅሁት። በኋላ የዚያው ሕንፃ የጥገና ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የምኖርበትን አፓርታማ የሚያሞቀው ሕንፃው ራሱ ስለሆነ እኔ የምንከባከበው ብረት የለኝም። እናቷ ካረፈች ወዲህ የማበስልለት ሰውም የለኝም።

ልጄ ወደዚያ ቤት የገባችው ከአንድ ወጣት ጋር፣ ሳይጋቡ ነው። ልጁ ባለጌ አይደለም። እዚሁ ፈረንጅ አገር ያደገ ያበሻ ልጅ ነው፤ አማርኛው ቢንገዳገድም አንቱታ አይረሳም። ነገር ግን ትዳር በሥርዓት ይጀመራል ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። ስለዚህ «በሥርዓት እስክትጋቡ ድረስ እዚህ ቤት ውስጥ እህል አልቀምስም» አልኳት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እሷም የእኔው ልጅ ናትና «እንደፈለግክ፣ አባዬ» አለች።

ወራት ሳንደዋወል ቆየን። ብርዱ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«አባዬ፣ ቤቱ አልሞቅ አለ። ቦይለሩ ስቶፕ አድርጓል።»

«የግፊት መለኪያው ስንት ይላል?»

«የቱ ነው እሱ?»

«ክብ ነው። ሰዓት ይመስላል፤ አንድ መርፌ ብቻ ነው ያለው።»

«ዜሮ።»

«እንዳትነኪው። መጣሁ።»

የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ ስደርስ፣ እህሉን በማልቀምሰው ቤት እንግዳ አልሆንም ብዬ በፊት ለፊት በር አልገባሁም። በቤቱ ጎን ወደ ምድር ቤት የሚያስገባ ደረጃ አለ፤ በዚያ ወረድኩ። ቧንቧው ውስጥ ውሃ አንሶ ነበር። ቀስ ብዬ ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ እሳቱን ለኮስኩ። እሷ ከላይ፣ ወደ ቤቱ በሚያወጣው የውስጥ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማ «ውጣና ምሳ ብላ» አለችኝ።

«ቃሌን ታውቂያለሽ» አልኩና በገባሁበት ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ግፊቱ እንደገና ወረደ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መሣሪያዬን ይዤ እሄድ ጀመር። ውሃው እስኪሞላ ባልዲ ገልብጬ እቀመጣለሁ። ከራሴ በላይ ኮቴያቸውን እሰማለሁ፤ የእሷን ከእሱ እለያለሁ፤ እንደ እናቷ ነጠላ ጫማዋን ትጎትታለች። ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸተኛል። መሐላዬ ያራቀኝን ቤት ቦይለሩ ከሥር በኩል ከፍቶልኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሳምንቱን የምገፋው ያንን ሰዓት እያሰብኩ ነበር።

ብረት ግን ለማንም አያዳላም። በየሳምንቱ ውሃ የሚጨመርለት ቦይለር አንድ ቦታ ላይ ያፈስሳል ማለት ነው። አዲስ ውሃ አየር ይዞ ይገባል፤ አየሩ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ውሎ አድሮ ይበሳዋል። ምድር ቤት ያለውን ቧንቧ ሁሉ በእጄ ዳስሼ ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። «ላይ ያሉትን ራዲያተሮች እዪ» አልኳት። «ሁሉም ደረቅ ናቸው» አለች። «እንግዲያው ባለሙያ ጥሪ።» «አንተ እያለህልኝ?» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩ።

አንድ ቅዳሜ ልጁ የመስታወት ዕቃ ይዞ ከደረጃው ጫፍ ብቅ አለ።

«አባባ፣ የእሷን ድርቆሽ አይተዋል? ግማሹ ድርቆሽ ነው፣ ግማሹ ሳይንስ ፕሮጀክት።»

«አንተ፣ ዝም በል!» አለች ከኋላው።

«አረንጓዴ ነዋ! ጸጉር ሁሉ አብቅሏል።»

«የት ነው የምታደርቂው?» አልኳት።

«ላይ ትንሿ ክፍል፣ ራዲያተሩ ላይ ትሪ አድርጌ። እማዬ እንደምታደርገው። ግን አንዱ ጫፍ እምቢ አለኝ። በዚህ በኩል ያለው እንጀራ ብስኩት ይሆናል፣ በዚያ በኩል ያለው ይሻግታል።»

«በየትኛው በኩል ነው የሚሻግተው?»

«በመክፈቻው በኩል፤ የሚዞረው እጀታ ባለበት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከመክፈቻው አንገት የሚወጣው ውሃ ወለል ላይ ሳይደርስ በጋለው ብረት ላይ ይተናል። ስለዚህ እሷ ስታየው ደረቅ ነው። እንፋሎቱን የሚጠጣው ከላይ ያለው እንጀራ ነበር።

እጄን ሞቃቱ ቧንቧ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ይህን ለማዳን ወደ ላይ መውጣት አለብኝ። ከዳነ በኋላ ደግሞ ቅዳሜ የለኝም። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ነገር ግን ሰው የሚያውቀውን ጉዳት ለራሱ ጥቅም ብሎ ካሳደረ፣ ስለ ሥርዓት ለልጁ ሊናገር ምን አፍ አለው? መፍቻዬን ይዤ፣ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ።

ትንሿ ክፍል ውስጥ ከራዲያተሩና ከትሪው በቀር ምንም አልነበረም። ትሪውን አነሳሁ። የመክፈቻው አንገት ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። እጀታውን ነቅዬ፣ ከሥሩ ያለውን ዳዶ በጥቂቱ አጠበቅሁ፤ በጨርቅ ጠርጌ ጥቂት አየሁት፤ አሁንም ትንሽ አጠበቅሁት። እርጥበቱ ቆመ።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለ ልጁ። «እኔ እኮ ኢንተርኔት ላይ ስንት ቪዲዮ አየሁ!»

«ቪዲዮ እንጀራ አያደርቅም» አልኩት። ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

እጄን ልታጠብ ወጥ ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ቀርቧል። ልጄ ፊቴን አየች። ሳልናገር ሦስተኛውን ሳህን አነሳች፣ ምግቡን በፎይል ጠቀለለችና እጄ ላይ አኖረችው።

«‹እዚህ ቤት ውስጥ› ነው ያልከው። መኪናህ የእኔ ቤት አይደለም» አለች። «ከደረቀው በኩል ነው፣ አትፍራ።»

የድርቆሽ ፍርፍር ነበር። መንገዱን ሳልጀምር፣ እዚያው ደጃቸው ላይ በቆመችው መኪናዬ ውስጥ በላሁት። ቅመሙ የእናቷ ነው። መስታወቱ በትንፋሼ ጉም ለበሰ፤ የወጥ ቤታቸው መስኮት ደብዝዞ ይታየኛል። ቃሌን አልሻርኩም። ቃሉን የጠበቀ ሰው ደስ ሊለው በተገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኬ አልጮኸም። ቅዳሜ መጣ፣ ሄደ። ሌላውም መጣ። መሣሪያዬን ዘይት ቀብቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ልጄን መጀመሪያ ደውዬላት አላውቅም፤ ልጅ ነው ወላጁን የሚጠይቀው እላለሁ። በረዶ በጣለ አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ደወልኩ።

«አባዬ? ምነው፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ግፊቱ ስንት ነው?»

«አላየሁትም። ደህና ሲሆን ማን ያየዋል?»

እውነቷን ነው። ደህና ዋይ ልላት ስል «ቆይ፣ ወርጄ ልየው» አለች። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ደረጃውን ስትወርድ ሰማሁ።

«ቀጥ ብሏል። እንደተውከው ነው።»

«ውሃ አልጨመራችሁም?»

«አንዲት ጠብታም አልጨመርን።»

«ጎሽ።»

ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም። በዚያው ቅጽበት እሳቱ ሲያያዝ፣ ውሃውን የሚገፋው ፓምፕም ማጉረምረም ሲጀምር ድምፁ በስልኩ ውስጥ መጣልኝ።

«ቦይለሩ ተነሣ፤ ሰማኸው?» አለች።

«ሰማሁት።»

ፓምፑ ሠርቶ እስኪያቆም ድረስ ማናችንም ስልኩን አልዘጋንም። ከዚያ እሷ ወደ ላይ ወጣች። እኔም መጋረጃዬን ዘግቼ ራቴን ላሞቅ ተነሣሁ።