የቁጥር ሰባት ካሴት ጫጫታ

መነጽር ሠሪው ጭረት ነፍሱ አይወድም። ቀኑን ሙሉ ሌንስ ሲሞርድ፣ ሲያጥብ፣ ብርሃን ላይ ይዞ ሲያገላብጥ ይውላል፤ ሌላ ሰው የማያያትን ነጥብ ካገኘ «ይሄማ ከዚህ ቤት አይወጣም» ብሎ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። የሥራ ባልደረቦቹ «ጥራት» የሚል ስም አውጥተውለታል። «ጥራት መጣ፣ ጠረጴዛችሁን ጥረጉ!» እያሉ ሲያሾፉበት ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎ ኮራ ብሎ ያልፋል።

ይህ ሃምሳ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ሚስት ሳያገባ ከእናቱ ጋር የሚኖር ሰው ምን እንደሚሰበስብ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። የጃፓን የካርቱን ፊልም ሙዚቃ! አኒሜ የሚሉትን። ከቋንቋው አንዲት ቃል አይሰማም፤ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ካሴትና ሲዲ ነው። ሌላ አገር ካሉ ሰብሳቢዎች ጋር ይጻጻፋል፣ ይለዋወጣል፣ ይጣላል። አንድ ዘፈን ለምን እንደማይረሳ የሚመረምርበት ወፍራም ደብተርም አለው። አንዱ ከበሮው ዘግይቶ ስለሚገባ ነው፣ ሌላው ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ስለሚሰማ ነው፣ ማለቂያ የለውም።

የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ የያዘው ግን የአንድ ካርቱን የመዝጊያ ዘፈን ነው። «ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ሁሉም መሣሪያ ዝም ይልና ዋሽንቱ ብቻውን ይቀራል። ልብ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው» ብሎ ጽፏል። አንድ ሰብሳቢ ከሩቅ አገር «አሥር ጊዜ ሰማሁት፤ ዋሽንት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም» ብሎ ቢጽፍለት «ይሄ ሰው ጆሮ የለውም!» ብሎ አንድ ወር አኮረፈው።

ነገሩ የቆየ ነው። እሱ አሥራ አንድ፣ ታናሽ እህቱ ሰባት ዓመት ሳሉ ካርቱኑ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር፤ ዘፈኑ ሁለቱንም አሳበዳቸው። መግዣ ቦታ የለም። ስለዚህ ቴፑን ከቴሌቪዥኑ አስጠግተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው መቅዳት ያዙ። አንድ ቀን በር ይንኳኳል፣ አንድ ቀን መብራት ይጠፋል፤ ስድስት ጊዜ ሞክረው ስድስቱም ተበላሸ። ሰባተኛው የካርቱኑ የመጨረሻ ቀን ነበር። ዘፈኑ አምሮ ሄደ፣ ሄደ፣ ልክ ዋሽንቱ ብቻውን ሲቀር እናታቸው ከኩሽና «ሚጡ! ራት ቀርቧል፣ ነይ!» ብለው ተጣሩ። እህቲቱ ከጩኸት በባሰ ሹክሹክታ «እማዬ፣ ዝም በይ! እየቀዳን ነው!» አለችና ሳቋ አመለጣት።

በንዴት ሦስት ቀን አላናገራትም። ግን ሌላ ቅጂ የለምና ለዓመታት የሰሙት እሱኑ ነው። ሚጡ «ቁጥር 7። እንዳይነካ!» ብላ ጽፋ ለጠፈችበት። ማንም በላዩ እንዳይቀዳበትም በካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ሰብራ ጣለቻት፤ ጥርሷ የወለቀ ካሴት ቴፑ አልቀዳም ይላል።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከስንት ፍለጋ በኋላ፣ የዘፈኑ ንጹሕ ዲስክ በፖስታ መጣለት። ልቡ ቅቤ ጠጣ። የሱ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ንጹሑ ሲገኝ ቆሻሻው አይቀመጥም። ሚጡ የሰበረቻትን ቦታ በፕላስተር ደፈነና በዚያው ከሰዓት በኋላ ንጹሑን በጫጫታው ላይ ቀዳበት። ጊዜ ሳያጠፋ ሌላ ከተማ ለምትኖረው ለእህቱ ደወለ።

«ሚጡ፣ አገኘሁት! ጥርት ያለ!»

«አንተ ጉደኛ!» ብላ ሳቀች። «የኛንስ ምን አደረግከው?»

«በላዩ ቀዳሁበታ!»

ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መስሎት «ሃሎ?» አለ።

«ደግ አደረግክ» አለች በመጨረሻ። «የኔ ድምፅ እንደሆነ የቁራ ነበር።»

ያቺን ዝምታ ልብ አላላትም። ለጭረት እንዲያ ዐይኑ የሚፈጥን ሰው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሚጡ አምና ሞተች። በሽታው ከጉሮሮዋ ስለጀመረ በስልኩ ላይ የቀሩት መልእክቶቿ ሁሉ የሻከሩ ናቸው። እናትየው አንዱን ሰምተው «ይቺ በሽታው ናት፣ ልጄ አይደለችም» ብለው ስልኩን መለሱለት። ከዚያ ወዲህ ስለ ድምፅ አንስተው አያውቁም ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን መስኮቱ ሥር እንደተቀመጡ «እስቲ ያቺን ካሴት አጫውትልኝ» አሉት። «እኔ ስጠራት የምትቆጣኝን።»

«እሺ እማዬ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ያደረገው ትዝ አለው። ካሴቱ በቦታው አለ። የሰባት ዓመት ልጅ የተንጋደደ ጽሑፍ አለ፣ «እንዳይነካ!» የሚለው አለ፣ ፕላስተሩም አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መልሶ ሲያደርገው ያው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ንጹሑን ሲሰማ የእህቱን ድምፅ በቦታው እያስገባ የሰማው የራሱ ጆሮ ነበር፤ ካሴቱ ላይ እንደሌለች አንድም ቀን አላስተዋለም። ልብ የሚቆመው በዋሽንቱ አልነበረም። ያ የሩቅ አገር ሰው እውነቱን ነው።

«እማዬ...» አለ።

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አይ። አልተበላሸም።»

እናቱ ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁታል። በየትኛው አፉ ይንገራቸው? ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተተና ማጫወቻውን ተጫነው።

ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ፤ አንዲት ጭረት የለበትም። አንደኛው አዝማች አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። መሣሪያዎቹ ዝም አሉና ዋሽንቱ ብቻውን ቀረ።

የካሴቱ እናት አልተጣሩም። አሮጊቷ ትንሽ ግራ ተጋቡ፤ ከዚያ ተራው የሳቸው መሆኑን እንዳስታወሰ ሰው ቀና አሉና፣ ከዚያ ደካማ ደረት ይወጣል ተብሎ በማይታሰብ ድምፅ፦

«ሚጡ! ራት ቀርቧል፣ ነይ!»

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ። ዋሽንቱ ሳይደናቀፍ እስከ መጨረሻው ሄደ። ካሴቱ አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

«አልሰማችኝም መሰለኝ» አሉ እናቱ። «እስቲ ወደ ኋላ መልሰው፤ ጮክ ብዬ ልጥራት።»

መለሰው።