በኖራ የተሰመረው ቤት

አዳማ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ፈርሶ በቦታው አዲስ ሊሠራ ነበር። ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሳሎኑን በር ወደ መንገድ አዞርኩት። ፎርማኑ ግን «ነፋሱ አቧራ ይሞላዋል፣ ወደ ጓሮ ይዙር» አለ። እኔም ንድፌ አይነካም ብዬ ግግም አልኩ። መሐንዲሱ «ስትስማሙ ጥሩኝ» ብሎን ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ፎርማኑ ግድግዳዎቹን መሬት ላይ በኖራ አሰመረና እዚያው ቆመን መጨቃጨቁን ቀጠልን። የቤቱ ባለቤት የሆኑት አሮጊት ውሃ ይዘውልን ከጎረቤት በኩል መጡና መስመሩን ረግጠው ገቡ።

«እማማ፣ በግድግዳ እኮ ነው የገቡት!» አልኳቸው።

«ድሮም የምገባው በዚህ ነው» አሉኝ።

እኔም ሆንኩ ፎርማኑ፣ በሩ በየት ይሁን ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም። መሐንዲሱን ጠርተን የበሩን ቦታ አሳየነው፤ የእማማ ጫማ ኖራውን ያጠፋበት ነው።