ቢጫ ካናቴራ

የመናኸሪያው ሰው «እትዬ ቆይ» ይላታል። ሃያ አንድ ዓመት ከሦስተኛው መስኮት ኋላ ተቀምጣ ቲኬት ስትቆርጥ፣ ልጅ ይዞ የመጣውን መንገደኛ «ቆይ» ሳትል አሳልፋ አታውቅም። የምታየው ፊት አይደለም፤ ፊት ይዋሻል። ጓዝ ነው የምታየው። ዘመድ የልጅቱን እጅ ይይዛል እንጂ ቦርሳዋ አያስጨንቀውም። ደላላ ግን እጇን ለቆ ቦርሳዋን ይይዛል፤ ልብሷና የእናቷ ስልክ ቁጥር እሱ ትከሻ ላይ እስካለ ድረስ የትም እንደማትሄድ ያውቃላ።

ይህን አንድ ጊዜ ለአንድ ድርጅት ለመንገር ሞክራ ነበር። «ሕፃናትን ከሕገወጥ ዝውውር እንታደግ» የሚለው ድርጅት ሆቴል አዳራሽ ጠርቷት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ግንዛቤ ሰማች። እጇን ስታወጣ «ጥያቄ በመጨረሻ» ተባለች። በመጨረሻ ፎቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ሲነሳ አፍንጫዋን ትነፋለች።

ሰኞ ጠዋት እነዚያው ሰዎች ድምፅ ማጉያ፣ ባነርና አንድ እስር ቢጫ ካናቴራ ይዘው መጡ። ደረቱ ላይ «ልጅ ሸቀጥ አይደለም» ይላል። ላለፈ ላገደመው አደሉት። ዘበኛውንም «ይህን የለበሰ የኛ በጎ ፈቃደኛ ነው፣ እንዳትፈትሽ» አሉት።

ለጠረፍ አውቶቡስ መነሻ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አንድ ባለቢጫ ካናቴራ መስኮቷ ላይ ቆመ። የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ሁለት እርምጃ ከኋላው አለች። ሮዝ ቦርሳዋ እሱ ትከሻ ላይ ነው። ያ አውቶቡስ ከወጣ ወዲያ ስለ ልጅቷ የሚጠይቅ ሰው የለም።

«ሁለት ለጠረፍ። ፈጠን በይ እናቴ።»

«ቆይ። ምንህ ናት?»

«የእህቴ ልጅ። ደረቴ ላይ ያለውን አታነቢም?»

«አነበብኩት። ቦርሳዋን ስጣትና እቆርጥልሃለሁ።»

«ይከብዳታል።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ይዘሻል?»

«ቀሚስና ነጠላ ጫማ» አለች ልጅቷ፣ መሬት መሬት እያየች።

እትዬ ቆይ ዘበኛውን ጠራች። ዘበኛው ራሱን አከከ። «የድርጅቱ ሰው እኮ ነው፣ እትዬ። አትንኩ ተብለናል።»

ሽቶው ቀድሞት የድርጅቱ ዳይሬክተር ደረሰ። «እትዬ፣ በጎ ፈቃደኞቻችንን ባያውኩብን። ካሜራ አለ።»

«ያንተ ከሆነ ስሙን ጥራልኛ።»

ዳይሬክተሩ ሰውየውን አየ። ሰውየው ፈገግ አለለት። «ብዙ ናቸው…» አለ ዳይሬክተሩ።

በሃያ አንድ ዓመት አንድም ቀን ወረፋ ጥላ ወጥታ የማታውቀው ሴት በሩን በርግዳ ወጣች። ሰውየውን አልነካችውም፤ የቦርሳውን ማንገቻ ያዘች። «ልቀቅ» አለችው። ጎተተ፤ ጎተተች። ወረፋው ሁሉ ዞሮ ሲያየው ለቀቀና እግሬ አውጪኝ አለ። ዘበኛው ተከተለው፣ ግን ማንን ይያዝ? ግቢው በሙሉ ቢጫ ጀርባ ሆኗል። አውቆ የሸፈነለት ሰው እንኳ ይህን ያህል አያሳምርለትም ነበር።

ልጅቷ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ቀረች።

«ድንቅ ነው!» አለ ዳይሬክተሩ፣ ካሜራ የያዘውን በጣቱ እየጠራ። «ልጅቷን ለአንዴ ባነሩ ሥር…»

እትዬ ቆይ ልጅቷን ወደ ክፍሏ አስገብታ በሩን ቆለፈች። ልጅቷ ካጠለቀችው ጫማ ውስጥ የእናቷ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። እትዬ ቆይ ቁጥሩን መታች፤ ጠራ።

ዳይሬክተሩ መስታወቱን በቀለበቱ አንኳኳ።

«ቆይ» አለችው፣ ቀና ሳትል። ከዚያ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።